አገጭ ተመቶ ጆሮ ሥር የተሰበረ መንጋጋ፦ አንድ የጉዳይ ጥናት ከሀዋሳ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩ

በሀዋሳ ካሉ ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። መንጋጋው የተሰበረ ሰው ወደ ክፍላችን መምጣቱ የተለመደ ነው። ባጃጅ፣ ሞተር፣ ብስክሌት፣ ጠብ፣ ከዛፍ መውደቅ፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ከሁሉም የአንዲትን ወጣት ጉዳይ የምጽፈው ከአደጋው ቀን ጀምሮ ያለውን ታሪክ በሙሉ ስለማውቀው ነው። ብዙ ታካሚዎችን ከተሸኙ በኋላ አናገኛቸውም። እሷ ግን ቀጠሮዋን ሳታቋርጥ ተመላለሰች። ስለዚህ የት እንደተሳካ፣ የት ደግሞ ሊበላሽ እንደነበር በግልጽ ማየት ተችሏል።

እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟን፣ የምትሠራበትን ቦታና የታከመችባቸውን ተቋማት አልጠቅስም።

ዋናውን ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። የተሰበረ መንጋጋ የሚገጠመው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚድነው ግን ቤት ውስጥ ነው። ምግቡን የሚያዘጋጀው፣ አፉን የሚያጸዳለት፣ ሌሊት ሲጨንቀው አብሮት የሚነቃው አስታማሚው ነው። አስታማሚው ሥራውን በደንብ ተረክቦ ካልሄደ፣ በጥሩ እጅ የተሠራ ቀዶ ሕክምናም ይበላሻል።

ልጅቷና አደጋው

ዕድሜዋ 22 ነው። ከሀዋሳ ራቅ ካለ ገጠር መጥታ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በስፌት ትሠራለች። ከሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጋር አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የሚያበስሉት በከሰል ነው። ማቀዝቀዣም ብሌንደርም የላቸውም። ሦስቱም በፈረቃ ስለሚሠሩ ቀን ላይ ቤቱ ብዙ ጊዜ ሰው የለውም። ቆየት ብሎ የመጣው ችግር ግማሹ ከዚህች ክፍል ኑሮ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው ይህን የምዘረዝረው።

አደጋው የደረሰው ማለዳ ወደ ሥራ ስትሄድ ነው። ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣለች። ጋሪ ድንገት መንገዱን አቋረጠ፣ ሹፌሩም ፍሬን ያዘ። እሷ ወደ ፊት ተወርውራ አገጯ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ካለው ብረት ጋር ተጋጨ። ባጃጅ የሚሳፈር ሁሉ ብረቱን ያውቀዋል፤ እጁን የሚያሳርፍበት ነው። ሌላ ሰው አልተጎዳም።

የባከኑት ቀናት

አገጯ ሥር ተሰንጥቆ ደም ይፈሳት ነበር። ጓደኛዋ አቅራቢያ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻት። ቁስሉ ታጥቦ ተሰፋ። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ተወጋች፤ ማስታገሻ ተጽፎላት ወደ ቤቷ ተላከች። እየተሰፋች ሳለ ግን አንድ ነገር ተናግራ ነበር፦ «ጥርሴ አልገጥም አለኝ።» የተሰጣት መልስ «እብጠቱ ነው፤ ሲጎድል ይስተካከላል» የሚል ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ይገባኛል። የሚደማ ቁስል ዓይን ይስባል። ቁስሉ ሲዘጋ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ሰው የራሱን ጥርስ አገጣጠም ከማንም በላይ ያውቃል። የጥርሱ አገጣጠም በፀጉር ስፋት እንኳ ቢዛባ ይሰማዋል። ፊቱን የተመታ ሰው ጥርሱ እንደ ወትሮው አልገጥም ካለው፣ ተሰብሯል ብሎ መጠርጠርና አለመሰበሩን በራጅ ማረጋገጥ ነው የሚገባው።

አገጭ ሲመታ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነገር አለ። የታችኛው መንጋጋ ከአንዱ ጆሮ ፊት ተነሥቶ፣ በአገጭ ዞሮ፣ እስከ ሌላው ጆሮ ይደርሳል። በሁለቱም ጫፍ ከራስ ቅል ጋር ይገጣጠማል። ስለዚህ አንዱ ቦታ ሲመታ ኃይሉ እዚያው አይቀርም። የሸክላ አምባር ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ እንደሚሰበረው፣ መንጋጋም ሁለት ቦታ ላይ ይሰበራል። አገጩን የተመታ ሰው ጆሮው ፊት ያለው ቀጭኑ የመንጋጋ አንገት የሚሰበረው ለዚህ ነው። አገጭ ላይ ቁስል ያየ ባለሙያ ሁሉ እጁን ወደ ሁለቱ ጆሮዎች ፊት መስደድ አለበት።

ምልክቶቹ በእርግጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበሩ። የታችኛው ከንፈሯ ግራ በኩል ደንዝዞ ነበር። ምላሷ ሥር ደም ተቋጥሮ ነበር። አፏን ስትከፍት አገጯ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀኝ ጆሮዋ ፊት ስትነካ ያማታል።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ወጌሻ ጠራላት። እዚህ ላይ የወጌሻውን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። በእጁ ዳበሰ፣ አፏን ክፈቺ አላት፣ ከዚያ እጁን ሰበሰበ። «ይሄ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም፤ አጥንቱ ቦታውን ለቋል። ሆስፒታል ውሰዷት» አለ። አላሸም፣ አላሰረም። የልጅቷን መንጋጋ ካዳኑት ሰዎች አንዱ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ እኛ የመጣችው በአምስተኛው ቀን ነው። በዚህ መሃል የበላችው ነገር በጣም ጥቂት ነበር። አፏም መሽተት ጀምሯል።

ምርመራና ውሳኔ

ራጁ ሁለት ስብራት አሳየ። አንዱ ከአገጭ መሃል ትንሽ ወደ ግራ፤ ሌላው በቀኝ በኩል፣ ከጆሮ ፊት ባለው የመንጋጋ አንገት ላይ። የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቱ ሲቲ ስካንም ተመለከተ። ስብራቱ መስመር ላይ ያለው ጥርስ ስላልተነቃነቀ እንዳይነቀል ተወሰነ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና የአፍ ማጠቢያ ወዲያው ተጀመረ።

ሁለቱ ስብራቶች የሚፈልጉት ሕክምና እርስ በርሱ ይጋጫል። የፊተኛው ስብራት እንዳይንቀሳቀስ ይፈልጋል። በሽቦ ብቻ ቢታከም የላይና የታች ጥርስ ለ4 እስከ 6 ሳምንት ታስሮ መቆየት ነበረበት። የጆሮ ሥሩ ስብራት ደግሞ ረጅም ጊዜ ከታሰረ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ አፍ መከፈት ይከብደዋል። ስለዚህ የፊተኛው ፕሌት በሚባል አጥንት ማያያዣ ቀጭን ብረትና በብሎን እንዲታሰር ተወሰነ። የጆሮ ሥሩ ሳይከፈት ጥርሶቹ ለሁለት ሳምንት ብቻ በሽቦ ይታሰሩ፣ ከዚያ በላስቲክ ይመሩ ተባለ። በጆሮ ፊት በኩል መክፈት ፊትን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ለአደጋ ያጋልጣል። በእሷ ሁኔታ ለዚያ የሚያበቃ ምክንያት አልነበረም።

ፕሌቱ ከሆስፒታሉ ውጭ የሚገዛ ነበር። የፋብሪካ ጓደኞቿ ዕቁብ ነበራቸው። ዕጣው የሌላ ሰው ነበር፤ ባለ ዕጣዋ ተራዋን ለቀቀችላት። እቃው በማግስቱ ተገዛ።

ቀዶ ሕክምናው

ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጣት። የመተንፈሻው ቱቦ የገባው በአፍንጫ ነው፤ ሐኪሙ በሥራው መሃል ጥርሶቹን እያገጠመ ማየት ስላለበት በአፍ ማስገባት አይቻልም። በመጀመሪያ በላይና በታች ጥርሶች ዙሪያ ቀጭን ብረት ታሰረ። ጥርሶቹ እንደ ድሮው ከገጠሙ በኋላ የታችኛው ከንፈር ከውስጥ በኩል ተከፍቶ፣ አጥንቱ በሁለት ትናንሽ የታይታኒየም ፕሌቶች ተያያዘ። ከውጭ የሚታይ አዲስ ጠባሳ የለም። አገጯ ሥር ያለው የመጀመሪያው ቀን ስፌት ነው።

ሥራው ያለ ችግር አለቀ። ስለ ቀዶ ሕክምናው ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

አፍ ታስሮ ማደር

ስትነቃ የመጀመሪያ እንቅስቃሴዋ እጇን ወደ አፏ መውሰድ ነበር። ጥርስ ለጥርስ መታሰሩን ቀድሞ የተነገረው ሰው እንኳ ሲነቃ ይደነግጣል። እሷ ተነግሯታል፤ ግን በወረቀት ላይ ስትፈርም በሩጫ የተነገረ ነገር ነው። የደነገጠ ሰው በአፉ ለመተንፈስ ይታገላል፣ አፍንጫው ላይ የደረቀ ደም ካለ ደግሞ ይብስበታል። ጭንቅላቷን ከፍ አድርገን፣ አፍንጫዋን አጽድተን፣ እጇን ይዘን «በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፤ አየር እየገባልሽ ነው» እያልን ቆየን። ወረቀትና እስክሪብቶም ሰጠናት። የመጀመሪያው ጽሑፏ «ሲስተር ካስመለሰኝስ?» የሚል ነበር።

ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። አፉ የታሰረ ሰው የሚያስፈራው ነገር ማስመለስ ነው። የማቅለሽለሽ መከላከያ የምንሰጠው ለዚሁ ነው። ቢያስመልስም ፈሳሽ ምግብ ብቻ የሚወስድ ሰው ትውከቱ በጥርሶቹ መካከልና በአፍንጫ ይወጣል። ዋናው ነገር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ ፊት ማጎንበስ ነው፤ በጀርባ መተኛት አይገባም። ሽቦ የሚቆረጠው መተንፈስ ሲያቅት ነው። ስለዚህ ሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ከሰውየው መለየት የለበትም። ሆስፒታል ውስጥ አልጋው ራስጌ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቤት ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

ችግሩ ቤት የሚሄድ ፒንሳ አለመኖሩ ነው። አንደኛዋ አብሮ አዳሪ መናኸሪያ አካባቢ ካለ የእቃ ሱቅ ትንሽ ፒንሳ ገዝታ መጣች። የምትቆርጠው የትኛውን እንደሆነ በመስታወት ፊት አሳየናት። ጥርስ ዙሪያ የተጠመጠሙት አይነኩም። ላይና ታችን የሚያያይዙት፣ ቁልቁል የቆሙት ሽቦዎች ናቸው የሚቆረጡት። ልጅቷ ራሷም በጣቷ እየነካች ቆጠረቻቸው።

በኋላ እንደነገረችኝ ፒንሳው ሁለቱን ሳምንታት አንገቷ ላይ በክር ታስሮ ነበር። አንድም ቀን አልተጠቀመችበትም። ግን እንቅልፍ የወሰዳት እሱ ስለነበረ ነው።

ምግብ፦ ከባዱ ሥራ

በሦስተኛው ቀን ተሸኘች። መመሪያው «ፈሳሽ ምግብ» ይላል፤ ከዚያ በላይ የሚለው ነገር የለም። ፈሳሽ ሲባል ሰው ቤት ውስጥ ያለውን ነው የሚያስበው። እሷም በስትሮ ሻይ፣ ቀጭን አጥሚትና ለስላሳ መጠጣት ጀመረች።

ስትሮው አልሠራም። ከንፈሯ የደነዘዘና ያበጠ ሰው መምጠጥ አይችልም። ግማሹ በአገጯ ላይ ይፈስሳል። አጥሚቱ ደግሞ ቀጭንና ጣፋጭ ነበር። ሆዷ በውሃ ይሞላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይርባታል። በመጀመሪያው ሳምንት ቀጠሮ ስትመጣ 4 ኪሎ ቀንሳለች። ስትቆም ያዞራት ነበር። ድዷም ቀልቶ ነበር፤ የታሰረውን አፍ መቦረሽ ስለፈራች ጣፋጩ ሽቦው ሥር ተከማችቶ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ለውጥ የመጣው ከሦስት ሰዎች ነው።

የመጀመሪያዋ የሆስፒታሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። ስትሮውን አስጣለቻት። መርፌ የሌለው 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጫፉ ላይ ለስላሳ የጎማ ቱቦ ገጥማ አሳየቻት። ጉንጭን ወደ ጎን ስቦ ቱቦውን በጉንጭና በጥርስ መካከል ወደ ኋላ መውሰድ ነው። ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ በስተኋላ ክፍተት አለ፤ ምግቡ በዚያ ያልፋል። ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ትንሽ ትንሽ መግፋት፣ ዋጥ አድርጎ መቀጠል። በቀን ሦስቴ የሚባል ነገር የለም፤ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የሰፈሩ ጁስ ቤት ባለቤት ነው። ልጆቹ ብሌንደር መግዛት አልቻሉም። አንደኛዋ ሄዳ ለመነችው። ጠዋት ጁስ ከመጀመሩ በፊት፣ ማታ ደግሞ ከመዝጋቱ በፊት ምግቧን ይፈጭላቸው ጀመር። ሽሮም፣ የምስር ወጥም፣ የተቀቀለ ድንችና ካሮትም በዚያ ብሌንደር አልፏል። ብሌንደሩን በፈላ ውሃ የሚያጥቡት ራሳቸው ነበሩ። ገንዘብ አልተቀበላቸውም። አከራያቸው እትዬ ደግሞ የተፈጨውን ማቀዝቀዣቸው ውስጥ አስቀመጡላቸው፤ ቀን ማንም ቤት በሌለበት ሰዓት ልጅቷ እሱን እያሞቀች ራሷን ታበላለች።

ሦስተኛዋ እናቷ ናቸው። ከገጠር ሲመጡ ቡላ ይዘው መጡ። ቡላ ለጉሮሮ የሚመች፣ በቀላሉ የሚቀጥን ምግብ ነው። ግን አብዛኛው ኃይል ሰጪ ብቻ ነው፤ ቁስል የሚጠግን ፕሮቲን ያንሰዋል። ስለዚህ በውሃ ሳይሆን በወተት እንዲያገነፉት፣ ቅቤም ጣል እንዲያደርጉበት ነገርናቸው። እንቁላሉ በስሎ እንዲፈጭም አስረዳን። ጥሬ እንቁላል በወተት መምታት ብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ለታመመ ሰው ግን አይመከርም። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ዓሣ ተገዝቶ ሾርባ ይሠራ ነበር። የዓሣ እሾህ አደገኛ ስለሆነ ሥጋው ከተፈጨ በኋላ በንጹሕ ነጠላ ሁለት ጊዜ ይጠለላል። አቮካዶ በሀዋሳ አይጠፋም፤ በወተት ቀጥኖ ማታ ማታ ትወስደው ነበር።

በዚህ መሃል ዐቢይ ጾም ገባ። ልጅቷ ወተቱንና እንቁላሉን አቆመች፤ እናቷም ደስ አላቸው። እኛ ከሃይማኖት ጋር አልተከራከርንም። «እናቴ፣ የንስሐ አባቷን ጠይቁልን» አልናቸው። ቄሱ በስልክ ሁኔታውን ሰሙና እስክትድን እንድትበላ ፈቀዱላት። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ እናትየው ራሳቸው ወተቱን እያፈሉ ይሰጧት ጀመር። ፈቃዱ ባይመጣም መንገድ ነበረን፤ የአኩሪ አተር ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ ሱፍ፣ ምስርና ሽሮ በዘይት። አንድ ነርስ መጠየቅ ያለባት ጥያቄ ነው፤ ጾም መቼ እንደሚገባ የቀን መቁጠሪያ ላይ አለ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ክብደቷ መውረዱን አቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ተመለሰ።

አፍ ማጽዳቱም መልክ ያዘ። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ፣ ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተጨምሮ በሲሪንጅ ይረጫል። ከዚያ በትንሽዬ የልጆች ብሩሽ የጥርሱ የውጭ ገጽና ሽቦው ይቦረሻል። እናትየው «ይበጠሳል» ብለው በጣም ይፈሩ ነበር። በእጃቸው ብሩሹን አስይዘን፣ እኛ እጃቸውን ይዘን አንድ ጊዜ ካስቦረሽናቸው በኋላ ፍርሃቱ ለቀቃቸው።

አንድ ጉዳትም ደርሷል። የደነዘዘው ከንፈሯ ሙቀት አይለይም። ቡና ሲፈላ ልቧ ከጅሎ በሲሪንጅ ወሰደች፤ ከንፈሯ ውሃ ቋጠረ። ከዚያ በኋላ የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ ተደርጎ ይሞከራል።

ሽቦው ሲፈታ

ሽቦው የተፈታበት ቀን ለቤተሰቡ የበዓል ያህል ነበር። እናትየው እልል አሉ። ሁሉም ያለቀ መሰላቸው። ለእኔ ግን አሳሳቢው ጊዜ ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ነው።

ጤነኛ አዋቂ ሰው አፉን ሲከፍት ከፊት ጥርሶቹ መካከል የራሱን ሦስት ጣት ደርድሮ ማስገባት ይችላል፤ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እሷ ሽቦው ሲፈታ የገባላት አንድ ጣት ነው። ይህ የሚጠበቅ ነው። ጥርሶቿ ቦታቸውን እንዳይስቱ ትናንሽ ላስቲኮች ተሰጧት። ስትበላና ስፖርቱን ስትሠራ አውልቃ፣ በቀረው ጊዜ እንድታስገባቸው ተነገራት። አፍ የመክፈት ስፖርት በቀን ደጋግማ እንድትሠራም ታዘዘች።

ሽቦው ከተፈታ በሁለተኛው ሳምንት ስትመጣ ምንም ለውጥ የለም። አሁንም አንድ ጣት ነው። አፏን ስትከፍት አገጯ ወደ ተሰበረው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ላስቲኩን ብዙ ጊዜ አላደረገችውም፤ ስፖርቱንም አልሠራችም። ለምን ብለን ስንጠይቃት ምክንያቷ ስንፍና አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ «ስብራት ነው፤ አትነካኪው፣ ይጠንክር» ብሏታል። ሲያማት ደግሞ አጥንቱ እንደገና የተሰበረ ይመስላት ነበር።

እዚህ ላይ ስፔሻሊስቱ የሠራው ነገር ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነበር። ራጁን አንጠልጥሎ ፕሌቱን በጣቷ እንድትነካ አደረገ። «የፊተኛው በብረት ተይዟል፤ አፍሽን በመክፈትሽ አይላቀቅም። የኋለኛው መገጣጠሚያ ግን ካላንቀሳቀስሽው ይደርቃል» አላት። ያን ቀን ሕመምና ጉዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገባት።

ስፖርቱም ተለወጠ። «አፍሽን ክፈቺ» የሚለው ትእዛዝ ቀርቶ፣ የሚለካ ሥራ ሆነ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ማስታገሻ ትወስዳለች። ለብ ባለ እርጥብ ፎጣ ሁለቱን ጉንጮች ታሞቃለች። መስታወቷ ላይ በሳሙና ቀጥ ያለ መስመር ከላይ ወደ ታች ተሰምሯል፤ አገጯ መስመሩን ሳይለቅ እንዲወርድ ትሞክራለች፣ ወደ ቀኝ ሲሸሽ በእጇ ትመልሰዋለች። ከዚያ ምላስ መጫኛ እንጨቶችን ደርድራ በፊት ጥርሶቿ መካከል ታስገባለች። በየጥቂት ቀኑ አንድ እንጨት ይጨመራል። የእንጨቱን ቁጥር አብሮ አዳሪዎቿ ግድግዳ ላይ ይጽፉ ነበር። ፉክክር አደረጉት። ከማናችንም ምክር በላይ የሠራው ይህ ይመስለኛል።

ላስቲኩ በጠቅላላው አንድ ወር ገደማ ቆየ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እስከ 6ኛው ሳምንት ድረስ ጠንካራ ነገር አልነከሰችም። ከፈሳሽ ወደ ገንፎ፣ ከገንፎ ወደ ለስላሳ ፍትፍት፣ ከዚያ ወደ እንጀራ አለፈች። ቆሎና ጥብስ ከሁሉም በኋላ መጡ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሦስት ጣቷ ገባ። አገጯ ዛሬም በጣም ስትከፍት ለጥቂት ወደ ቀኝ ይላል፤ ጥርሷ ግን እንደ ድሮው ገጥሟል። የከንፈሯ ድንዛዜ በወራት ውስጥ ቀንሶ ትንሽ ቦታ ላይ ቀርቷል። ፕሌቶቹ ካላስቸገሯት እዚያው ይኖራሉ።

የሥራ ነገር

ከሥራ ቦታዋ ያለው ጉዳይ በወረቀት ነው የተፈታው። መጀመሪያ «ብዙ ከቀረሽ ትሰናበቻለሽ» የሚል ወሬ ሰምታ፣ አፏ ታስሮ ሳለ ልትመለስ አስባ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። በ12 ወር ውስጥ ፈቃዱ እስከ 6 ወር ሊደርስ ይችላል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። የሕክምና ማስረጃው በትክክል ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት በጓደኞቿ እጅ ገባ። ፋብሪካውም ተቀበለው። ማስረጃው ላይ «ዕረፍት ያስፈልጋታል» ብቻ ሳይሆን እስከ መቼ እንደሆነ በቀን መጻፉ ነገሩን አቀለለው።

ለሌላ ጊዜ የሚሆነን

ከዚህ ጉዳይ ለጤና ጣቢያና ለክሊኒክ ባልደረቦቼ የማካፍለው ከሁሉ በፊት ያንን የጥርስ ጥያቄ ነው። አገጭ የምትሰፉ ሁሉ፣ ክሩን ሳትቆርጡ «ጥርስህ እንደ ድሮው ይገጥማል ወይ?» በሉ። ምላስ ሥር እዩ። ጆሮ ፊት ዳብሱ። አፍ ሲከፈት አገጭ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ለዚህ ሁሉ መሣሪያ አያስፈልግም። ሕፃን በአገጩ ሲወድቅ ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በልጅነት የተሰበረና ችላ የተባለ የጆሮ ሥር መገጣጠሚያ ሊጣበቅ ይችላል። ያኔ ልጁ አፉን መክፈት ያቅተዋል፤ መንጋጋውም ሳያድግ ይቀራል። ይህን ማዳን ከመጀመሪያው ሕክምና እጅግ ይከብዳል።

ለቤተሰብ ደግሞ፣ ፈሳሽ ምግብ ማለት ቀጭን ምግብ ማለት እንዳልሆነ ልንገራችሁ። ቤት የተሠራው ወጥና ሾርባ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ተጨምሮበት ነው ሰው የሚያቆመው። በየሳምንቱ መዝኑት። ሲጋራና አልኮል ቁስሉን ያዘገያሉ፤ ኢንፌክሽንም ይጋብዛሉ። ጫት የሚቅም ሰው ሽቦው ሲፈታ ወዲያው መመለስ ያምረዋል። ለሰዓታት ማመንዠክ ግን ገና ያልጠነከረ አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ የሚጣል ሸክም ነው፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ መቆየት አለበት።

እብጠቱን በትኩስ ጨርቅ መተኮስም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉዳት አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚረዳው ቅዝቃዜ ነው፤ ሙቀት የሚመጣው በኋላ፣ ስፖርቱ ሲጀመር ነው።

በክፍላችን ውስጥም አሠራሩ ተለውጧል። መንጋጋው የታሰረ ሰው ከመሸኘቱ በፊት አስታማሚው በእኛ ፊት በሲሪንጅ አንድ ጊዜ ያበላል፣ አፍ ያጥባል፣ የሚቆረጡትን ሽቦዎች በጣቱ ያሳያል። ፒንሳው ተገዝቶ ካልመጣ የመሸኛ ወረቀቱ አይፈረምም። ብቻውን የሚኖር ከሆነ ማን ምግብ እንደሚፈጭለት፣ የት እንደሚያስቀምጥ፣ ጾም ላይ መሆን አለመሆኑ ይጠየቃል። ሽቦው የሚፈታበት ቀን ላይ ደግሞ ስፖርቱ በመስታወት ፊት ይሠራል፤ የሚገባው የእንጨት ቁጥር ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ከአንድ ሳምንት አያልፍም። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ከሥዕሎች ጋር እንሰጣለን። የሲዳምኛው ቅጂ እየተዘጋጀ ነው።